የ13 ወር ልጅ ዕቃ ይዞ ይራመዳል፣ ለብቻው ግን አይለቅም

ጥያቄ፦ ሶፋ_ዙሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ልጅ ነው፣ 13 ወር ሞልቶታል፤ የተወለደው በ36 ሳምንት ነው። ዳዴ ይላል፣ ሶፋ ይዞ ይነሳል፣ ሶፋውን እንደያዘ በጎን ከጫፍ ጫፍ ይደርሳል። ሁለት እጁን ከፍ አድርጌ ስይዝለት ይሮጣል ማለት ይቀላል፤ ስለቀው ግን ወዲያው ዘጭ! በዚያ ላይ እጁን ተይዞ ሲሄድ የሚረግጠው በእግሩ ጣቶች ነው። ሌሊት ደግሞ የአልጋውን ፍርግርግ ይዞ ይቆምና መውረድ አቅቶት ያለቅሳል።

ማወቅ የምፈልገው፦ ዘግይቷል ወይ? ዎከር (ልጁ ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ የሚሄድበት ባለ ጎማ መቀመጫ) ልግዛ ወይስ የሚገፋ ጋሪ? ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ያስፈልገዋል? እጁን ይዤ ላለማምደው ወይስ ልተወው? «ተይው፣ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል» የሚለውን ጠግቤዋለሁ፤ በተግባር ምን እንደሚደረግ ንገሩኝ።

መልስ 1፦ ፊዚዮ_ለሕፃናት

አልዘገየም። መጀመሪያ ዕድሜውን እናስተካክል። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ስለሆነ በ36 ሳምንት ለተወለደ ልጅ 4 ሳምንት ይቀነስለታል፤ በእድገት ሲመዘን ልጅሽ የ12 ወር ልጅ ነው ማለት ነው። ይህን ቅናሽ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ እናስባለን። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን አስከትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት ያለ ድጋፍ መሄድ የሚጀመረው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያለ ድጋፍ መቆም ደግሞ ከ6.9 እስከ 16.9 ወር። ክልሉ እንዲህ ሰፊ ነው። በ9 ወሩ የሄደውና በ16 ወሩ የሄደው ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ማን ቀድሞ እንደሄደ አይታይባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስትለቂው የሚቀመጠው እግሩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሶፋ ይዞ የሚነሳ እግር ሰውነቱን ለመሸከም በቂ ነው። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ክብደቱን በአንድ እግር ላይ አሳርፎ ሌላውን ማንሳት፣ እና ከቁመት ወደ መሬት ሳይወድቁ መውረድ። እጁን ከራሱ በላይ ስትይዢለት ሁለቱንም አይማርም። ሰውነቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ተረከዙ ይነሳል (የጣት አረማመዱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው)፣ ሚዛኑን የምትጠብቂለት አንቺ ነሽ። ሆዱና ዳሌው ሥራ ፈት ናቸው። እና ስትለቂው የተወሰደበት እጅሽ ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑ በሙሉ ነው። ዘጭ ማለቱ አያስገርምም።

ከመውረድ ጀምሪ። መውረድ የማይችል ልጅ አይለቅም፤ ሌሊት የሚያለቅሰውም ለዚሁ ነው። ሶፋ ይዞ ሲቆም የሚወደውን ነገር መሬት ላይ ከእግሩ አጠገብ፣ በአንድ እጁ ሶፋውን እንደያዘ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ አስቀምጪ። ከኋላው ተቀመጪና ዳሌውን በሁለት እጅሽ ያዢ። የአንዱን ጉልበት ጀርባ በጣትሽ ነካ አድርገሽ ጉልበቱ ሲታጠፍ ዳሌውን ቀስ ብለሽ ወደ ኋላና ወደ ታች ምሪው። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራቴ ይበቃል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ትከሻውን ወደ ታች መጫን ነው፤ ትከሻው የተጫነበት ልጅ ጉልበቱን ይበልጥ ያደርቃል። ቁጢጥ ብሎ አንስቶ መልሶ መቆም ሲጀምር ጭኑም ዳሌውም እየሠራ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የማጠንከሪያ ስፖርት የለውም።

ቀጥሎ የዕቃዎቹን አቀማመጥ ለውጪ። ልጁን ከመጎተት ዕቃውን ማንቀሳቀስ ይሻላል። ከሶፋው ጫፍ ጎን ከባድና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ (ከ40 እስከ 45 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ይመቻል) አስጠግተሽ ማዕዘን ሥሪ። ማዕዘኑን መዞር ሲችል ጠረጴዛውን ለይተሽ 20 ሳ.ሜ. ክፍተት ተዪ። አንድ እጁ ሶፋው ላይ እያለ ሌላው ጠረጴዛውን ይይዛል። በዚህ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ 10 ሳ.ሜ. ጨምሪ። 60 ወይም 70 ሳ.ሜ. አካባቢ ሲደርስ ሁለቱ እጆቹ በአንድ ጊዜ አይደርሱም፤ አንዷን ያለ ድጋፍ እርምጃ የሚያገኘው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱ በፍጥነት ከሰፋ ወርዶ በዳዴ ይሻገራል። ይህ ውድቀት አይደለም፤ ለእሱ ዳዴ ፈጣኑ መንገድ ነውና አእምሮው በትክክል አስልቷል። ክፍተቱን መልሰሽ አጥብቢ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ለመቆም ልምምድ ጀርባውን ለሶፋው ሰጥተሽ አቁሚውና ተረከዙን ከሶፋው በ5 ሳ.ሜ. አርቂ። ሁለት እጅ የሚይዝ ነገር፣ ለምሳሌ ኳስ ስጪው። እጁ ሥራ ሲይዝ መደገፊያ መፈለጉን ይረሳል፤ ወደ ኋላ ቢያዘነብልም የሚያገኘው ሶፋውን ነው። አንቺ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጪ። ቆመሽ ከጠራሽው ቀና ብሎ ያይሻል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሰውነቱም ይከተላል። ዓይንሽ ከዓይኑ ጋር እኩል ይሁን። «ወፌ ቆመች!» የሚባለውም ቁጭ ተብሎ ሲሆን ይሻላል። እና አንድ ነገር አደራ፦ እየመጣ ሳለ ወደ ኋላ እያፈገፈግሽ አትጥሪው። ሁለት እርምጃ ብለሽ ከጠራሽው በሁለተኛው እርምጃ ላይ ተቀበይው። የሚሸሽን ሰው የሚከተል ልጅ ሰውነቱን ወደ ፊት ጥሎ መሮጥ ይለምዳል፣ ማቆም ሳይማር።

መያዝ ካለብሽ ዳሌውን ያዢ፤ እጁን የምትይዢ ከሆነም ከትከሻው በታች። አንድ አጭር ፎጣ ጠቅልለሽ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን አንቺ መያዝም ይሠራል፤ ፎጣው ስለሚተጣጠፍ አንቺን መደገፊያ ማድረግ አይችልም።

መልስ 2፦ ታዛቢው

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ዎከር ላይ በቀን 20 ደቂቃ ቢቀመጥ ምን ይጎዳዋል? እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ልጁም ደስ ይለዋል፣ እናትም እጇ ይፈታል።

መልስ 3፦ ነርስ_ሕፃናት_ክፍል

ደስ ማለቱማ ደስ ይለዋል፤ ችግሩ ሌላ ነው። ዎከር ውስጥ ክብደቱን የሚሸከመው ጨርቁ ነው። ልጁ በጣቶቹ መሬቱን ወደ ኋላ እየገፋ ይንሸራተታል እንጂ ክብደት ከእግር እግር አያዛውርም፤ ከወደቀ የሚነሳበት፣ ከቆመ የሚቀመጥበት ዕድልም የለውም። ጠርዙ እግሩን ስለሚሸፍንበት ሲረግጥ የራሱን እግር አያይም። ስለዚህ መሄድን አያፋጥንም፤ ሊያዘገይ ይችላል።

ከዚያ የሚብሰው አደጋው ነው። ዎከር ውስጥ ያለ ሕፃን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ መጓዝ ይችላል። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቆመሽ «እያየሁት ነው» ብትይም ደረጃው ጫፍ ላይ አትደርሺበትም። ብዙዎቹ አደጋዎች የደረሱት አዋቂ ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ ነው። ከፍታም ስለሚጨምርለት እጁ ትላንት የማይደርስበት ትኩስ ነገር ላይ ዛሬ ይደርሳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጨምሮ ማስታወቂያውንም ማስገባቱንም ከልክላለች። የእናት እጅ እንዲፈታ ከሆነ ጎማ የሌለው ባለበት የሚያጫውት መቀመጫ ወይም አጥር ያለው የመጫወቻ ቦታ አለ፤ እሱም ቢሆን ለአጭር ጊዜ።

የልምምዱን መጠን በተመለከተ አንድ ቁጥር ልጨምር። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ሕፃናት በነፃ ሲጫወቱ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ተራምደው 17 ጊዜ ወድቀዋል። በሰዓት! እጅ ተይዞ የሚደረግ የ10 ደቂቃ «ትምህርት» ከዚህ አጠገብ ምንም አይደለም። ልጁ የሚፈልገው የማያንሸራትት ወለል፣ የሚይዘው ዕቃ እና ያልተያዘ ሰውነት ነው። ካልሲ አውልቂለት። ከባድና የረጠበ ዳይፐር እግሩን ስለሚያራርቀው ከመጫወቱ በፊት ቀይሪለት።

ሌሊቱን በተመለከተ፦ ፍራሹን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ አውርዱት፤ ቆሞ ሲታይ የአልጋው ጠርዝ ከደረቱ በታች ከሆነ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። የመውረዱን ልምምድ ቀን ላይ እዚያው አልጋ ውስጥ ፍርግርጉን አስይዛችሁ ሥሩ፤ በሶፋ የተማረውን ወዲያው ወደ ፍርግርግ አያዛውረውም። ሌሊት ሲያለቅስ አንስቶ ከማስተኛት ይልቅ እጁን በፍርግርጉ ላይ ወደ ታች እያንሸራተቱ ጉልበቱን ማጠፍ ነው።

በአንድ እጅ ብቻ ጎትታችሁ አታንሱት፣ አታወዛውዙት። ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ክርን ላይ ያለው አጥንት በቀላሉ ከማሰሪያው ይንሸራተታል። ምልክቱ ልጁ ድንገት እጁን ማንሳት ትቶ ከጎኑ አንጠልጥሎ መያዙ ነው፤ ሐኪም በሰከንዶች ይመልሰዋል፣ ቤት ውስጥ ግን አይሞከርም።

መልስ 4፦ ቆዳና_መርፌ

የጫማውን ልመልስ። ቤት ውስጥ ባዶ እግር። የውስጥ እግር ቆዳ ወለሉን ሲነካ ጣቶቹ ይይዛሉ፣ ሚዛኑም ከዚያ ይመጣል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጠንካራ ጫማ ጤናማ እግር ላለው ልጅ ጥቅም የለውም፤ ቁርጭምጭሚቱ ሚዛን ለመጠበቅ ግራና ቀኝ መንቀሳቀስ ስላለበት ያግደዋል። (ሐኪም ያዘዘው ልዩ ጫማ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ውጭ ሲወጣ የሚደረግ ጫማ እግሩን ከሚወጋና ከሚያቃጥል ነገር መከላከል ብቻ ነው ሥራው። ሲገዙ ጫማውን በሁለት እጅ ይዘው ይጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ፊት ለፊት፣ ጣቶቹ በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ሶሉ መሐሉ ላይ ከታጠፈ አይረባም፣ ጨርሶ ካልታጠፈም አይረባም። ፊቱ ሰፋ ይበል፤ ሹል ጫማ ትልቁን ጣት ወደ ውስጥ ይገፋል። የሚታሰር ወይም የሚጣበቅ ማሰሪያ ይኑረው፤ ያለ ማሰሪያ የሚጠለቅ ጫማ እንዳይወልቅበት ልጁ ጣቶቹን እያጠፈ ነው የሚራመደው።

ልኩን በአውራ ጣት መጫን አያስተማምንም፣ ልጁ ጣቱን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ይልቅ ተረከዙን ግድግዳ አስነክተው ወረቀት ላይ ያቁሙት፤ የረጅሙን ጣት ጫፍ ምልክት ያድርጉ። ልጁ ቆሞ እያለ ይለኩ፣ ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል። ከካርቶን ላይ ከዚያ ልክ 1 ሳ.ሜ. የሚረዝም ቀጭን ቁራጭ ይቁረጡና ጫማው ውስጥ ያስገቡት። ካርቶኑ ሳይታጠፍ ከተዘረጋ ልኩ ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ በትልቁ ይግዙ። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ካርቶኑን መልሶ መሞከር ነው። እና ሌላ ልጅ ያደረገውን ጫማ ሶሉ በአንድ ጎን ከተበላ አይውሰዱት።

መልስ 5፦ አናጺ_ነኝ

የሚገፋ ጋሪ ጥሩ ነው፣ ግን ሶፋ ይዞ በደንብ መሄድ ከቻለ በኋላ። ጋሪ ሁለት ጥፋት አለበት። አንዱ ልጁ እጀታውን ይዞ ሊነሳ ሲል ወደ ራሱ መገልበጡ ነው። ሲገዙ እጀታውን በእጅ ወደ ታች ጫን አድርገው ይፈትሹት፤ የፊት ጎማው ከተነሳ ይተዉት፣ ወይም ከፊት በኩል ወደ ታች ክብደት ይጨምሩ። 2 ወይም 3 ኪሎ መጽሐፍ ወይም የታሰረ የአሸዋ ከረጢት በቂ ነው። ከላይ መጫን ግን ይብስበታል። ሁለተኛው ጥፋት ቀድሞ መሸሹ ነው። የጎማውን ፍጥነት የሚቀንስ ብሎን ካለው ያጥብቁት፤ ከሌለው ክብደቱን ጨምረው ምንጣፍ ላይ ያስጀምሩት። እጀታው ከወገቡ በላይ ከደረቱ በታች ይሁን፤ ከፍ ካለ ያው እንደ ተያዘ እጅ ነው። መግዛት የማይፈልግ ሰው መጽሐፍ የሞላ ጠንካራ ካርቶን ለስላሳ ወለል ላይ ቢያስገፋው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ እንዲያውም ስለማይሸሽ ይሻላል።

ጋሪውን ከመግዛት በፊት ግን ኮመዲኖውንና የመጽሐፍ መደርደሪያውን ከግድግዳ ጋር እሰሩ! ተደግፎ የሚነሳ ልጅ መሳቢያ እንደ ደረጃ ይጠቀማል፤ ሦስት መሳቢያ አብሮ ሲከፈት ባዶ ኮመዲኖ እንኳ ይገለበጣል። ኤል ቅርጽ ያለው ብረት ሁለት በላይኛው ጫፍ ላይ፣ ለብሎኬት ግድግዳ ከፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዝ ፕላስቲክ) ጋር። ብሎኑ የሚገባው የኮመዲኖው ወፍራም እንጨት ላይ እንጂ በጀርባው ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ አይደለም፤ ያ ተቀዶ ይወጣል። ቴሌቪዥንም እንዲሁ። ደረጃ ካለ ከላይኛው ጫፍ በብሎን የሚታሰር በር፤ በጉልበት ተወጥሮ የሚቆመው ዓይነት ለታችኛው ብቻ። የጠረጴዛ ልብስ ይነሳ፤ ይዞት ለመቆም ሲሞክር ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይወርድበታል።

ሶፋ_ዙሪያ

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሶፋ ይዞ ሲሄድ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው፣ ወደ ቀኝ ብዙም አይፈልግም። ሲቆም ደግሞ ጉልበቶቹ መካከል ክፍተት አለ፣ እግሩም ጠፍጣፋ ነው። እና የጣቱ አረማመድ መቼ ነው የሚያሳስበው?

ፊዚዮ_ለሕፃናት

ወደ አንድ ጎን ማድላት በዚህ ደረጃ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ነገር ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። መጫወቻዎቹን በሙሉ ወደ ቀኙ አዛውሪና ሁለት ሳምንት እዪ። ግን አሁኑኑ አንድ ነገር አረጋግጪ፦ አንደኛውን እግር ይጎትታል? ሲነሳ ሁልጊዜ የሚያስቀድመው አንድ እግር ብቻ ነው? አንዱን እጅ ጨብጦ ነው የሚሄደው? ዳይፐር ስትቀይሪ አንዱ ጭን ወደ ውጭ የሚከፈተው ከሌላው ያነሰ ነው? ጉልበቱ ታጥፎ በጀርባው ሲተኛ አንዱ ጉልበት ዝቅ ይላል? ለአንዱም «አዎ» ካልሽ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ ዳሌውንና የጡንቻውን ጥንካሬ ሐኪም ይይ።

ጣቶቹን በተመለከተ፦ ሶፋ ይዞ ጸጥ ብሎ ሲቆም ተረከዙ መሬት ይነካል? ጉልበቱን ቀጥ አድርገሽ ውስጥ እግሩን ወደ ላይ ስትገፊው ቁርጭምጭሚቱ በቀላሉ ከቀኝ ማዕዘን ያልፋል? ሁለቱም እሺ ከሆነ እጁን መያዝ ስትተዪ አብዛኛው ይጠፋል፤ አንዳንዴ በጣት መሄድ እስከ 2 ዓመት ድረስ ይታያል። ባቱ ከደረቀ፣ ተረከዙ ጨርሶ ካልወረደ ወይም በአንድ እግር ብቻ ከሆነ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ነርስ_ሕፃናት_ክፍል

የጉልበቱ ክፍተት እስከ 2 ዓመት ገደማ ጤናማ ነው፤ ከዚያ በ3 እና 4 ዓመት ጉልበቶቹ እንዲያውም ይጠጋጋሉ፣ ኋላ ይስተካከላሉ። ውስጥ እግሩም ስቡ ስለሞላው ነው ጠፍጣፋ የሚመስለው። የሚያሳስበው ክፍተቱ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም የእጅ አንጓው አብጦ ከታየ ነው፤ ያኔ የቫይታሚን ዲ እጥረት ያመጣው የአጥንት መለስለስ ይጠረጠራል። የሚመከረው በቀን እስከ 12 ወር 400፣ ከዚያ በኋላ 600 ዓለም አቀፍ አሃድ (IU) ነው፤ ጠብታ የምትሰጡ ከሆነ የአንዷን ጠብታ መጠን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ ከምርት ምርት ይለያያል።

በመቀመጫው መውደቁ የዕለት ሥራው ነው። ወድቆ ራሱን ስቶ፣ ደጋግሞ አስመልሶት፣ ከወትሮው ውጭ ፈዞ ወይም አንቀላፍቶ፣ አንቀጥቅጦት፣ እርግብግቢቱ አብጦ ወይም ከአፍንጫና ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ወጥቶ ከታየ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ትላንት ይቆም የነበረ ልጅ ዛሬ አልረግጥም ካለና ትኩሳት ካለው የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ትኩሳት ሳይኖር ከትንሽ ውድቀት በኋላ አልረግጥም ካለ የቅልጥም አጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብሎም ካልረገጠ ተመልሳችሁ ሂዱ።

18 ወር ሞልቶት ካልሄደ ደግሞ ምርመራ ነው፤ ወንድ ልጅ ሲሆን የጡንቻ በሽታን ለመለየት ሲኬ የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ። በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ የሚሄዱ ልጆች ዘግይተው መሄዳቸው የታወቀ ቢሆንም ከዚህ ምርመራ አያስቀራቸውም። የቻለውን ነገር የተወ ልጅ፣ ለምሳሌ ይነሳ የነበረ መነሳት ያቆመ፣ በየትኛውም ዕድሜ ይታያል።

ሶፋ_ዙሪያ

ጭኑ እኩል ይከፈታል፣ ተረከዙም ሲቆም ይነካል። ጠረጴዛውን ሳስጠጋው ግን ሲደገፈው ይንሸራተታል።

አናጺ_ነኝ

ከአራቱ እግሮቹ ሥር የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ በሚስማር ሳይሆን በማስቲሽ ይለጥፉ፤ ሚስማሩ ጎማው ሲሳሳ ወለሉንም የልጁን እግርም ይጭራል። ሌላኛው ጫፉን ግድግዳ አስነክተው ያቁሙት።